እርጅናና የእግር መንገድ

ሰው ሁለት ዕድሜ አለው። አንደኛው በመዝገብ ተጽፎ፥ በማኅተም ተረጋግጦ በመሥሪያ ቤት የሚቀመጠው ነው። ሁለተኛው ግን ማለዳ ከአልጋው ሲነሣ በጕልበቱና በመንፈሱ የሚያውቀው ነው። እኛም 60 ዓመት ሞልቶን ጡረታ የወጣነው በመጀመሪያው ዕድሜ ነው፤ ስለ ሁለተኛው የጠየቀን አልነበረም፥ የሚጻፍበት ቅጽ የለውምና። ከዚያ ወዲህ እንደ ተመለከትነው ግን ይህ ሁለተኛው ዕድሜ እንደ መጀመሪያው ዘወትር ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ አይደለም። አንዳንድ ቀን ይፈጥናል፥ አንዳንድ ቀን ይዘገያል፥ አንዳንድ ቀንም ጥቂት ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን እግር ነው።

ሽማግሌን ማክበር ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ሽማግሌ ሲገባ ወጣቱ ከመቀመጫው ይነሣል፤ የያዘውን ዘንቢል ይቀበለዋል፤ ውሃ ልቅዳ ሲል «ኧረ ይቀመጡ፥ እኛ እያለን!» ይለዋል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በጽሞና ስንመረምረው፥ ሽማግሌው ዘንቢሉንም፥ የውሃ ዕቃውንም፥ ወደ ገበያ የሚወስደውንም መንገድ አስረክቦ በወንበር ላይ ብቻውን ይቀራል። ሥራ የፈታ አካል ይዝላል፤ አካል ሲዝል መንፈስ ይከተለዋል፤ መንፈስ ሲወድቅ ደግሞ አካል የሚነሣበትን ምክንያት ያጣል። «እርጅና ብቻህን ና» የሚለው የአገራችን አነጋገር እርጅና በሽታን አስከትሎ እንዳይመጣ መለመኛ ነው፤ እኛ ግን ገና ከደጅ ሳለ ወንበር ዘርግተን እንቀበለዋለን።

ከወዳጆቻችን አንዱ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ከ30 ዓመት በላይ ቆመው ያስተማሩ መምህር ናቸው። ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ዓመት ባለቤታቸው ዐረፉባቸው። ልጆቻቸው ደጎች ናቸውና አንዳች ነገር እንዲነኩ አይፈቅዱላቸውም ነበር። ልንጠይቃቸው በሄድን ቍጥር በዚያው መስኮት አጠገብ፥ በዚያው ጋቢ ተጠቅልለው እናገኛቸዋለን። ቀድሞ ክርክር ይወዱ የነበሩት ሰው ስለ ምንም ነገር ቢጠየቁ «ይሁን» ማለት ጀመሩ። ከሽማግሌ አፍ ሲወጣ ወዳጅን የሚያስፈራ ቃል ቢኖር ይህ «ይሁን» የሚለው ቃል ነው።

ሐኪማቸው ለደም ግፊታቸው ሲሉ በየቀኑ ጥቂት እንዲራመዱ ስለ አዘዟቸው፥ እኛና አንድ ሌላ ጡረተኛ አብረናቸው እንሄድ ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ከበራቸው እስከ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሁለት ጊዜ ዐረፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን የእንጦጦን አቀበት ጥቂት በጥቂት እንወጣ ነበር። ያን ጊዜ ከጕልበታቸው መጠንከር ይልቅ ያስደነቀን እንደ ገና መከራከር መጀመራቸው ነው። የትኛው መንገድ እንደሚያቋርጥ፥ ማን እንዳዘገየን፥ ባሕር ዛፍ አገርን ይጠቅም ወይም ይጐዳ እንደ ሆነ እያነሡ እስከ ቍልቍለቱ መጨረሻ ይሞግቱናል። አንድ ቀን ስለ ዕድሜ ስንጫወት «በመዝገብ 67፥ በዚህ አቀበት ላይ 50፥ ነገ ዝናብ ይዞኝ ቤት ከዋልሁ ደግሞ 80» አሉን። ሐዘናቸው አልጠፋም፤ የባለቤታቸውን ስም ሲያነሡ ድምፃቸው ዛሬም ይሰበራል። ነገር ግን ሐዘናቸውን ተሸክመው የሚሄዱበት እግር አገኙ።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ቢሆን ለማስረጃ ባልበቃም ነበር። ሊቃውንት ግን ነገሩን ከመረመሩት ቈይተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባሉት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ለንደን አውቶቡስ ሠራተኞች ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። ቀኑን ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ፥ በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቈራጮች በልብ በሽታ የሚጠቁት በቍጥር አንሰው ተገኙ። በ1990 ደግሞ በቦስተን ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ ጥቂት ሰዎች ለ8 ሳምንት ክብደት በማንሣት ቢለማመዱ፥ የእግራቸው ጕልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ።

የመንፈስንም ነገር በተመለከተ፥ በ1999 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 156 የድብርት ሕሙማን በሦስት ከፍለው፥ ለአንዱ ክፍል መድኃኒት፥ ለአንዱ የሰውነት እንቅስቃሴ፥ ለአንዱም ሁለቱን አዘዙ። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ሠራ፤ ከ16 ሳምንት በኋላ ግን የሦስቱም ክፍሎች መሻሻል ተቀራራቢ ሆነ። እንዲህ ስንል መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ ይተወው ማለታችን አይደለም፤ እግርም ከመድኃኒት ቤት ዕቃ እንደ አንዱ ይቈጠር ማለታችን ነው።

ደግሞም ብዙ አረጋውያን ስንት ዓመት እንደሚሰማቸው ሲጠየቁ ከእውነተኛ ዕድሜያቸው አሳንሰው ይናገራሉ፤ ይህ ስሜት ያላቸውም ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ ይልቅ የሚንቀሳቀሱት ናቸው። የትኛው የትኛውን ይወልደዋል? መራመድ ልብን ወጣት ያደርጋልን፥ ወይስ ልቡ ወጣት የሆነ ይራመዳል? ጤናማው ሰው ሁለቱንም አስቀድሞ ይዞ መገኘቱ ነገሩን ያወሳስበዋል። እኛ እንደሚመስለን ግን ሁለቱ እንደ ቀኝና እንደ ግራ እግር ናቸው፤ አንዱ ሲቀድም ሌላው ይከተላል፥ የተከተለውም መልሶ ይቀድማል። ስለዚህ ልቡ እስኪነሣለት ለሚጠብቅ ሰው ምክራችን እግሩን አስቀድሞ እንዲያነሣ ነው።

በዚህ ላይ ግን ልናልፈው የማይገባን ተቃውሞ አለ። በዚያው በእንጦጦ መንገድ ጀርባቸው እስኪጐብጥ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙናል፤ ከእነርሱም ፀጕራቸው የሸበተ አይጠፋም። ከእኛ ይልቅ እጅግ ብዙ ይራመዳሉ፤ ነገር ግን ወጣትነት ይሰማችኋልን ብሎ እነርሱን መጠየቅ ድፍረት ነው። ችግር የሚነዳው እግር ዕረፍትን ይሻል እንጂ ተጨማሪ መንገድን አይሻም። እንግዲህ መንፈስን የሚያድሰው መንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን፥ በፈቃድ፥ በልክና ከወዳጅ ጋር የሚሆን መንቀሳቀስ ነው።

ልኩንም የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ገልጾታል። ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ በመጠነኛ ኃይል እንዲንቀሳቀስ፥ እንዳይወድቅም በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሚዛንንና ጕልበትን የሚያጠነክር ልምምድ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህን ያህል የማይችል አቅሙ የፈቀደለትን ያድርግ፤ ጥቂቱም ከምንም ይሻላል።

ከዚህ የሚቀረው የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው። የመንገድንና የከተማን ሥራ የምትመሩ ሹማምንት፥ ሽማግሌ ሳይደናቀፍ የሚሄድበትን የእግረኛ መንገድና ደክሞት የሚያርፍበትን መቀመጫ አስቡ። መምህራን፥ የሰውነት ማጐልመሻን ትምህርት ለፈተና ሳይሆን ለ70 ዓመት እንደሚሰነቅ ስንቅ አስተምሩ። ተማሪዎች ሆይ፥ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ውሃ ለመቅዳት ቢነሡ ለመንጠቅ አትቸኵሉ። ሊወድቁ ቢሆን ደግፏቸው፤ ካልሆነ ግን ተውአቸው ይቅዱ። ደግሞም አንዳንድ ማለዳ «አባባ፥ ጥቂት እንራመድ?» በሏቸው፤ ርምጃችሁንም በእርሳቸው ርምጃ ልክ አድርጉ።