በሰባተኛ ወር የመጣ የወገብ ሕመም

ከኢሻ ሶላት በኋላ አንድ የኦጎልቾ ወንድማችን «ባለቤቴን ወገቧን ይዟታል፣ ዱዓ አድርጉላት» አለን። ሰባተኛ ወሯ ነበር። ውሃ የቀዳችበት ድካም መስሎን ዱዓ አድርገን ተለያየን። ለካ ምጥ ነው!

ከ37 ሳምንት በፊት ሆድ ጠንከር ላላ ካለ፣ ወገብ መጣ ሄድ እያለ ካመመ፣ ውሃ ወይም ደም ከታየ ማደር የለም፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም አሰላ ሆስፒታል። የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክር፣ ለእናት የሚሰጥ መርፌ አለ፤ ግን ከመውለዷ በፊት ሰዓታት ይፈልጋል። እኛ ያን ሌሊት ያባከንነው እነዚያን ሰዓታት ነው። (ዑለሞቻችን ከቁርኣን አውጥተው ትንሹ እርግዝና ስድስት ወር ነው ማለታቸውን ለደረሶች እያስተማርን!)

ልጁ አልሐምዱሊላህ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ታቅፎ ከረመ። ዘንድሮ አሊፍ ጀምሯል።