ሥዕሉ አንድ በአንድ ይገለጥ

የተማረ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ለማሳየት ይቸኩላል። ይህ ጠባይ በንግግር ብቻ ሳይሆን በየስብሰባው በፕሮጄክተር ግድግዳ ላይ በሚወጣው ሥዕላዊ መግለጫም ይታያል። አንባቢዎቼ ሆይ፤ ተማሪም ብትሆኑ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነገ በሰው ፊት ቆማችሁ አንድ ነገር ማስረዳታችሁ አይቀርምና ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት እንድንጨዋወት ፍቀዱልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በአንድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም፤ ከጉና ተራራ ሥር የሚኖሩ ገበሬዎች ከግጦሽ መሬታቸው ላይ ከፍለው ለእርከን እንዲከልሉ ይጠየቁ ነበር። ወጣቱ ባለሙያ የጉማራን ወንዝ ጉዞ ከጉና እስከ ጣና በአንድ ገጽ አሳየ። ተራራው፣ ዝናቡ፣ ወንዙ፣ ደለሉ፣ እርከኑ፣ ሐይቁና ሃያ የሚያህል ቀስት ሁሉ ባንድነት ብቅ አለ። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ልጄ፣ ነገሩ መልካም ይመስላል፤ ግን ዐይኔን ከየቱ ላይ ላሳርፍ? የእኛ ግጦሽ የትኛው ነው?» አሉ። ወጣቱም «አባቴ፣ ቀይ የተቀባው ነው» አላቸው፤ ቀይ የተቀባው ቦታ ግን አራት ነበረ። ጉባኤው ሳይስማማ ተበተነ። ሰዎቹ እርከን ጠልተው አይደለም፤ ያልገባቸውን ነገር እሺ ላለማለት ነው።

ወጣቱ የኮምፒዩተር ሥራ እንደምሠራ ሰምቶ ስለ ነበር ሥዕሉን አብረን በአምስት ርምጃ ከፈልነው። በሁለተኛው ስብሰባ በመጀመሪያ ጉናና ከሥሩ ያለው ግጦሽ ብቻ ታየ፤ ቀጥሎ ዝናቡ፤ ቀጥሎ ጉማራ እስከ ጣና ድረስ፤ ቀጥሎ ወንዙ ይዞት የሚሄደው አፈር። እዚህ ላይ ሽማግሌው አምስተኛውን ሳይጠብቁ «እንግዲህ ሐይቅ የሚገባው የእኛው አፈር ነዋ! ታዲያ መገደብ ያለበት ከዚህ ላይ ነው» ብለው በዱላቸው አመለከቱ። አምስተኛው ርምጃ ሲገለጥ እርከኑ እርሳቸው ካመለከቱበት ቦታ ላይ ነበረ። በዚያ ቀን የተስማሙት በተጠየቁት መሬት እኩሌታ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ገብቷቸው የሰጡት ስምምነት ነው።

ሥራው እንዴት ተሠራ ትሉኝ ይሆናል። ዶናልድ ክኑት የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ መጻሕፍት አምረው እንዲታተሙ ብሎ ቴክ የተባለውን የፊደል ማቀናበሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 አወጣ። በ1980ዎቹ ሌስሊ ላምፖርት በእርሱ ላይ ላቴክን ሠራ። በ2003 ደግሞ ቲል ታንታው የተባለ ጀርመናዊ ለዶክትሬት ገለጻው ብሎ ቢመር የተባለውን አዘጋጀ፤ ቲክዝ የሚባለው የሥዕል መንደፊያም የእርሱ ሥራ ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች ሥዕል የሚሠራው በጽሑፍ በማዘዝ ነው። ከትእዛዙ አጠገብ በሹል ቅንፍ ውስጥ «2-» ተብሎ ሲጻፍ ያ ክፍል ከሁለተኛው ርምጃ ጀምሮ ይታያል፤ «2» ብቻ ሲባል በሁለተኛው ርምጃ ታይቶ ይጠፋል።

ዳሩ ግን አንድ ብልኀት ይፈልጋል። አንከቨር የተባለው ትእዛዝ ተራው ያልደረሰውን ክፍል ይሸፍነዋል እንጂ ቦታውን አያስለቅቀውም፤ ኦንሊ የተባለው ግን ጨርሶ እንዳልነበረ ያደርገዋል። ስለዚህ በኦንሊ በተሠራ ሥዕል ላይ አዲስ ክፍል በተጨመረ ቁጥር የሥዕሉ ስፋት ሊለወጥና ተራራው ከቦታው ሊዘል ይችላል፤ ተመልካቹም አዲሱን በማየት ፈንታ የቀድሞውን ሲፈልግ ይደክማል። መፍትሔው አስቀድሞ የሙሉውን ሥዕል ወሰን አስምሮ ለሚመጣው ሁሉ ቦታ መጠበቅ ነው።

ይህ ነገር ለጋይንት ሰው እንግዳ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አባ በዚያው በጋይንት ይገኛሉ። ድጓ የሚጽፍ ሰው ቃሉን ሲያሰፍር ከመስመር እስከ መስመር ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ የዜማው ምልክት በደቃቅ ፊደል ከቃሉ በላይ ይገባበታልና። ፊደል የሚቆጥር ሕፃንም ገበታው በሙሉ ፊቱ ቢሆንም በስንደዶ የሚያመለክታት አንዲት ፊደል ናት። ከፊደል ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ ይሸጋገራል እንጂ ሁሉን ባንድ ቀን የሚጠይቀው የለም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ኮምፒዩተሩን ከመክፈታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ተመልካቹ መጀመሪያ ምን ማየት፣ ቀጥሎ ምን መጠየቅ እንዳለበት በተራ ጻፉ፤ ርምጃዎቻችሁ ከእነዚያ ጥያቄዎች አይብዙ። ለጌጥ ብቻ የሚወጣና የሚገባ ነገር ሰውን ያሰለቻል። ለተሰብሳቢው የሚታደል ወረቀት ስታትሙም ሀንዳውት የተባለውን ምርጫ እዘዙ፤ አምስቱ ርምጃ በአንድ ገጽ ተጠቃሎ ይወጣል፤ ገበሬውም ሙሉውን ሥዕል ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።