አንድ ስም፣ ሁለት ቁምሳ

እሁድ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ አዳማ ውስጥ ጥላ ያለው ጠረጴዛ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ፈጣኑ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማ መብላት ቀላል ሆኗል። አርፍዶ የተነሳ አርፍዶ ይደርሳል፤ ቁርሱም ከምሳው ጋር ይገናኛል። ጨጨብሳ ይታዘዛል፣ ፉል ይታዘዛል፣ ከዝዋይ ሐይቅ የመጣ የቆሮሶ ጥብስም አይቀርም። ስሙ ቁምሳ ነው።

ፈረንጆች ይህንኑ ብራንች ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1895 ስለ ብራንች የጻፈው እንግሊዛዊው ጋይ ቤሪንገር፣ ቅዳሜ ማታ ያመሸ ሰው እሁድ በማለዳ ከሚሰቃይ ዘግይቶ አንድ ጥሩ ማዕድ ይቅረብለት ሲል ተከራክሯል። የጠገበ ሰው ክርክር ነው። ያም ሆኖ ሁለት ቃል ቆርጦ መግጠሙ ከቁምሳ ጋር አንድ ነው።

ቺካጎ ውስጥ ደግሞ ካሳማ የሚባል የፊሊፒኖች ምግብ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የሚሽለን ኮከብ ሲሰጠው፣ ከፊሊፒን ምግብ ቤቶች የመጀመሪያው ነበር። ማታ ውድ እራት ያቀርባል፤ ቀን ግን ሰው ለቁምሳ በሩ ላይ ይሰለፋል። ፊሊፒኖች ከሚወዷቸው ቁርሶች አንዱ ታፕሲሎግ ነው፤ ይህም የተገጣጠመ ስም ነው። ታፓ ድሮ እንዳይበላሽ ይደርቅ የነበረ ሥጋ፣ ሲናንጋግ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ያደረ ሩዝ፣ ኢትሎግ እንቁላል። ሩዙን በእንጀራ ብትተኩት ቋንጣ ፍርፍር በእንቁላል ሆነ ማለት ነው! ያደረውን ላለመጣል የተፈጠረ ምግብ ማኒላም አዳማም ተመሳሳይ ነው። ለእሱ ወረፋ የሚያዘው ግን ቺካጎ ነው።

አዳማ ውስጥ ቁምሳን ከባለመኪኖቹ በፊት የሚያውቁት ሌሎች ናቸው። ብሎኬት የሚያቀብለው የቀን ሠራተኛ ጠዋት ሻይ ይጠጣል፤ አንዳንዴ ሻዩም ይቀራል። እስከ 5 ሰዓት ይታገሳል። ከዚያ ሆድ የሚይዝ ነገር፣ ሽሮ ወይም ፓስታ በእንጀራ፣ ከላዩ ብዙ ውሃ። ቀደም ብሎ ከበላ ሳይመሽ ይርበዋል፤ ከዘገየ ጉልበቱ ይከዳዋል። ይህን ሒሳብ ከየትኛውም የሥነ ምግብ ባለሙያ በተሻለ ያውቀዋል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ያውቀዋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 22 ብር የነበረው የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ሲያድግ ትልቅ ዜና ነበር። ለሦስት ማዕድ ሲካፈል 33 ብር ከሳንቲም ይደርሳል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በ33 ብር ምን እንደሚበላ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። በገንዘብ የሚቀበለው ኖን ካፌ ተማሪ ታዲያ 100ውን ለሁለት ይከፍላል። አንዱ ማዕድ ይሰረዛል፤ የተሰረዘውም ቁርስ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አይወራም። ቁምሳ የሚለው ቃል ራሱ ቀልድ ስለሚመስል ገበና ይሸፍናል። «ቁርስ በልተሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «ቁምሳ ነው የማደርገው» ሲል ጠያቂው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ ነገሩ እዚያው ያልፋል። ጾም ሲገባ ደግሞ ቀልዱም አያስፈልግም፤ እስከ 9 ሰዓት በሚጾመው ሰው መሀል ለጽድቅ ያልበላውንና አጥቶ ያልበላውን የሚለይ የለም።