ተልባ፣ ቀለምና ግማሽ ሽንኩርት

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ሐበሾች አንድ ሰው ትምህርት ጀመረ ሲባል ቶሎ የምንጠይቀው «ሲጨርስ በሰዓት ስንት ይከፈለዋል?» ብለን ነው። ነርሲንጉም፣ አይቲውም፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱም በዚህ ሚዛን ያልፋል። አልፈርድም። እኔም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደብል ካልገባሁ ቤት ኪራዩም፣ ለእናቴ የምልከውም አይሞላም። እና ልጄ ለልደቴ ብላ የአንድ ቅዳሜ የህትመት ጥበብ ትምህርት ስትከፍልልኝ ከደስታው በፊት የመጣብኝ የሚቀረው ደብል ነበር። ለጓደኛዬ ብነግራት «ሰርተፊኬት አለው?» አለችኝ። የለውም አልኳት። «ታዲያ ምን ሊያደርግልሽ ነው?»

መልስ አልነበረኝም፤ ግን ተከፍሏልና ሄድኩ።

ትምህርቱ ሃያትስቪል፣ ፒራሚድ አትላንቲክ በሚባለው የጥበብ ማዕከል ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1981 ባልቲሞር ላይ ተመሥርቶ፣ በኋላ ለዓመታት እዚሁ ሰፈራችን፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነበር። ያኔ በአውቶቡስ በደጁ እመላለስ ነበር፤ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ለእያንዳንዳችን ከመዳፍ ሰፋ ያለ ግራጫ ሊኖሊየም ተሰጠን። ወለል ላይ የሚነጠፈው ዓይነት ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ዋልተን በ1860ዎቹ ሲፈለስፈውም ለወለል ብሎ ነው፤ ሠዓሊዎች ያገኙት ኋላ ነው። የሚሠራው ከተልባ ዘይትና ከቡሽ ብናኝ ሲሆን ጀርባው ጆንያ ነው። ተልባ ሲባል ጆሮዬ ቆመ። አስጠግቼ ባሸተው እውነትም የከረመ ቅባት ይሸታል። ለእኔ ተልባ የጾም ምግብ ነው፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ነው የማውቀው። ፈረንጅ ወለሉ ላይ አንጥፎት ሲሄድበት መኖሩን አልሰማሁም ነበር።

አስተማሪዋ ሊኖሊየሙን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ሞቅ አደረገችልን፤ ከቀዘቀዘ ለመቅረጽ ያስቸግራል። ከዚያ ሕጉን ነገረችን። እጅ ከመቅረጫው ስለት ፊት አይደረግም። የተቦረቦረው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያልተነካው ቀለም ይይዛል። ግራው ሲታተም ቀኝ ይሆናል፤ ፊደል ለመጻፍ ያማረው ገልብጦ ይቅረጽ። እኔ ፊደሉን ተውኩት። «ምን ትሠሪያለሽ?» ስትለኝ እጄን አየሁ። ጠዋት ለወጥ የከተፍኩት ሽንኩርት ሽታ ገና አልለቀቀውም። «ሽንኩርት» አልኳት።

አንድ ፍሬ ከወጥ ቤታቸው አምጥታ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሰነጠቀችልኝ። አበሻ ሴት በዕድሜዋ የከተፈችው ሽንኩርት ቢከመር ፎቅ ይወጣዋል፤ ከእንባ ጋር የሚከተፍ ነገር ግን ማን ልብ ብሎ ያየዋል? ንብርብሮቹ ከሥሩ ተነሥተው፣ ወገባቸው ላይ ሰፍተው፣ አናት ላይ ይገናኛሉ። ውጭ ያሉት ወፍራም ናቸው፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ይቀጥናሉ። መሃል ላይ ለመብቀል የተዘጋጀች አረንጓዴ ቡቃያ ተቀምጣለች። እያንዳንዱን መሥመር በቀስታ ስገፋ ሊኖሊየሙ እየተጠቀለለ ይወጣል። ሰዓቴን ያየሁት ልጄ ስትደውል ነው።

ቀለሙም ቢሆን ከተልባ ዘይት የተሠራ ሆኖ አገኘሁት። መስታወት ላይ ትንሽ ጠብ ይደረግና በሮለር ይዳመጣል። መጀመሪያ ድምፅ የለውም። እየሳሳ ሲሄድ ግን ቸስ ቸስ ማለት ይጀምራል፤ «ደረሰ ማለት ነው፣ በጆሮሽ ለዪው» አለችኝ። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ የሚለው ተረት ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እዚያ ላሉት ለማስረዳት አልሞከርኩም።

ሊኖሊየሙን ቀለም አልብሼ፣ ወረቀት ደርቤ፣ በማተሚያው ሥር አሳለፍኩት። ከአንድ ጥግ ይዤ ወረቀቱን ስገልጠው ጥቁርና ነጭ ሽንኩርት ወጣ። ጮኽኩ መሰለኝ፤ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። ከቀረጽኩት ግራ ቀኙ የተገለበጠ፣ እኔ ያላሰብኳቸው ጭረቶች ያሉበት፣ ግን የእኔ። ደሞዝ የገባ ዕለት የሚሰማኝ ደስታ አይደለም። ያኛው ገና ሳይጨበጥ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል።

ቀለሙ እስኪደርቅ አስተማሪዋ የኤሊዛቤት ካትሌትን «ሼርክሮፐር» በመጽሐፍ አሳየችን። በ1952 በሊኖሊየም የተቀረጸ፣ ባርኔጣዋ የሰፋ፣ የልብሷን አንገት በመርፌ ቁልፍ የያዘች ጥቁር ገበሬ ሴት ምስል ነው። ያቺ መርፌ ቁልፍ ላይ ቀረሁ። እንዲህ የለበሱ ስንት እናቶች ገበያ ላይ አይቻለሁ! ካትሌት የዲሲ ልጅ ናት፤ በ1915 ተወልዳ፣ በ1935 ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ፣ በ1946 ሜክሲኮ ሄዳ ለተራው ሰው ከሚያትሙ አርቲስቶች ጋር ሠርታለች። እዚያው ሐዋርድ በ1972 የእኛው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ማስተማር ጀመረ። ከቤቴ ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወደ ታች የወረደ የዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ላይ ይደርሳል። አገር ቤትም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ህትመት ሲያስተምር ከተማሪዎቹ አንዱ ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ ነበር።

የህትመትን ነገር የወደድኩት ግን በሌላም ምክንያት ነው። ሥዕል አንድ ነው፤ ከሰጡት አለቀ። ህትመት ለእህቴም፣ ለጎረቤቴም፣ ለእኔም ይደርሳል፤ ሁላችንም ጋ ያለውም ዋናው ነው። ከሥሩ በእርሳስ ስንተኛው ከስንቱ መሆኑን ጽፎ መፈረም ብቻ ነው። ከተሰደድን ጀምሮ ስንልክ የኖርን ሰዎች ነን፤ እኔ ግን በእጄ የሠራሁትን ልኬ አላውቅም ነበር። ሰርተፊኬት የጠየቀችኝ ጓደኛዬም አንዱን ወስዳ ፍሪጇ ላይ ለጥፋዋለች፤ «የነጭ ሽንኩርቱስ?» ትለኛለች።

አሁን በራሴ ገንዘብ ለሁለት ቀለም ትምህርት ተመዝግቤያለሁ። ፒካሶ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደቡብ ፈረንሳይ የሠራበት ዘዴ ነው፤ አንዱን ቀለም አትሞ፣ ያንኑ ሊኖሊየም እንደገና ቀርጾ፣ በላዩ ሌላውን ማተም። የተቀረጸው ስለማይመለስ ስንት ቅጂ እንደሚፈለግ ከመጀመሪያው መወሰን ግድ ነው። እህቴ ሁለት ብላለች፣ እናቴ «ለንስሐ አባቴም ጨምሪ» ብላለች፣ መጦሪያ ቤት ያሉት አንዲት አሮጊትም ቀዩን አስይዘዋል። ወረቀት መጨመር ሳይኖርብኝ አይቀርም።