ማጅራት መቺ እጅ አይነሣም

«ማጅራት መቺ» የሚለውን ቃል እስኪ ረጋ ብለን እንየው። ቃሉ ራሱ ጥቃቱ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል። ማጅራት ያለው ከኋላ ነው። መቺው ሁለት ሜትር ርቆ ፊት ለፊት አይቆምም፤ እጅ ነሥቶም አይጀምርም። የከተማ ልጆች «ሀንግ» የሚሉትም ያው ነው፤ አንዱ ከኋላ አንገት ያንቃል፣ ሌላው ኪስ ይበረብራል፣ ሰውየው ትንፋሹ ሲመለስ እነሱ የሉም።

ይህን የማነሣው ስለ ካራቴ ልጽፍ ስለሆነ ነው።

የምኖረው ፉሪ ነው። ጀሞንና ለቡን ተሻግሮ ያለው፣ ሸገር ከተማ ሲመሠረት ክፍለ ከተማ የሆነው ፉሪ። ማታ ወደ ቤት መግባት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ጀሞ ላይ የታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ ባጃጅ የማይገባበት መንገድ በእግር። መብራት በጠፋ ቀን የስልክ መብራት ማብራት ግድ ነው፤ እሱን ማብራት ደግሞ ስልክ መያዝህን ለፈለገው ሁሉ ማወጅ ነው። ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ የማመሽበት ቀን ብዙ ነው። ከእኔ ይልቅ የሚያሳስቡኝ ግን ካፌና ሱቅ ውለው ማታ ሦስት ሰዓት በዚያው መንገድ ብቻቸውን የሚገቡት ሴቶች ናቸው።

በዚህ ምክንያት ሰፈራችን ውስጥ ካራቴ የሚመዘገብ ሰው አይጠፋም። እኔም ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው ካታ ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል። ካታ ማለት ተጋጣሚ ሳይኖር በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራ የምትና የመከላከል ድርድር ነው። ቀበቶ የሚቀየረውም በዋናነት በእሱ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ያ ድርድር በጨለማ መንገድ ላይ ምን ይሠራል?

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ አንዲት ካፌ የምትሠራ ጎረቤቴ «እጄን ቢይዘኝስ?» አለችኝ። ዓመት ያህል ሠልጥናለች፤ የመጀመሪያውን ካታ፣ ሄያን ሾዳንን፣ ከእኔ አሳምራ ትሠራዋለች። የቀኝ እጇን አንጓ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና «በይ» አልኳት። እጇን ወደ ራሷ ጎተተች፤ እኔም ጎተትኩ። ጉልበት ለጉልበት ሆነና አልወጣም። ከዚያ «አራተኛዋን እንቅስቃሴ ሥሪያት» አልኳት። ሁላችንም የምናውቃት ናት፤ የፊት እግር ወደኋላ ይሰበሰባል፣ ክንድ ክብ ሠርቶ ከላይ በጡጫ ጎን ይወርዳል። ሠራቻት። እጇ በአውራ ጣቴ በኩል ሾልኮ ወጣ፣ ጡጫዋ ክንዴ ላይ አረፈ። ሳቀችና «ይሄን እኮ ሺህ ጊዜ ሠርቼዋለሁ!» አለች። ሺህ ጊዜ ሠርታዋለች፤ አንድም ጊዜ ግን ሰው ይዟት አያውቅም።

ነገሩ ወደኋላ ይሄዳል። የኦኪናዋው መምህር አንኮ ኢቶሱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ካራቴን ወደ ደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች ሲያስገቡ «ፒናን» የተባሉትን አምስት ካታዎች ለተማሪ እንዲመቹ አድርገው አዘጋጁ። ዛሬ በሾቶካን «ሄያን» የምንላቸው እነዚሁ ናቸው። ሕፃናት በሰልፍ የሚማሩት ለጤናና ለሥነ ሥርዓት ነው እንጂ የሰው አንገት ለመጠምዘዝ አይደለም። ተማሪያቸው ጊቺን ፉናኮሺ እ.ኤ.አ. በ1922 ካራቴን ቶኪዮ ላይ አሳዩ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከዚያም ውድድር ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ካታ ራሱን ችሎ ሜዳሊያ አስገኘ፤ የወንዶቹን ወርቅ የወሰደውም የኦኪናዋ ልጅ ርዮ ኪዩና ነው። በዚህ ሁሉ ጉዞ እንቅስቃሴው ቀረ፣ ትርጉሙ ግን እየደበዘዘ ሄደ።

ትርጉሙን መፈለግ በጃፓንኛ «ቡንካይ» ይባላል፤ መበተን፣ ፈታ አድርጎ ማየት እንደ ማለት ነው። ሲፈታ የሚገኘው ነገር ብዙ ጊዜ የቅርብ ርቀት ትግል ነው። ስንመታ ሌላውን እጅ ወደ ወገባችን የምንስበው ለምንድን ነው? «ለጉልበት» ይሉናል። ባዶ እጅ ወገብ ላይ ማስቀመጥ ግን ፊትን ማጋለጥ ነው። ያ እጅ የሰውየውን እጅጌ ወይም አንጓ ይዞ ሲስብ ነው ስሜት የሚሰጠው። በተኪ ሾዳን ክርናችን የራሳችንን መዳፍ ይመታል። መዳፉ የያዘው የሰው ጭንቅላት ነው ብላችሁ አስቡት። በሄያን ዮንዳን ሁለት እጆች ወደ ታች ሲስቡ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚህ ላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ያለ አይመስለኝም።

«ካታ ጭፈራ ነው፣ ቦክስ ተማሩ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ግማሽ እውነት አላቸው። ቦክሰኛ በየቀኑ መልሶ ከሚመታው ሰው ጋር ይለማመዳል፤ እኛ ከአየር ጋር። መፍትሔው ግን ካታውን መጣል አይመስለኝም፤ ሰው ማስገባት ነው። መጀመሪያ ቀስ ብሎ የሚይዝ፣ ቀጥሎ የሚጎትት፣ በመጨረሻ ሳይናገር ከኋላ የሚመጣ ጓደኛ።

ደግሞ ወሰኑን እንወቅ። ቢላዋ ካለ ስልኩን ስጡ፤ ስልክ ይተካል። አንገት ከታነቀ ከሁሉ በፊት ትንፋሽ ነው፤ አገጭን ወደ ደረት፣ ሁለት እጅ ያነቀው ክንድ ላይ፣ ከዚያ ወደ ጎን መዞር። ካታ ውስጥ ያለችውን ጩኸት፣ ኪያይን፣ «ሌባ! ሌባ!» በሚለው ቀይሯት፤ ጎረቤት የሚወጣው ለእሱ ነው። ከተለቀቃችሁ ሩጡ።

ሩጡ የምለው ለሕጉም ጭምር ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻል ሲቀርና መከላከሉ ተመጣጣኝ ሲሆን። ከዚህ ያለፈውን አንቀጽ 79 ይመለከተዋል። ሌባው ከወደቀ በኋላ የሚጨመረው ርግጫ መከላከል አይደለም። ካራቴም ቢሆን የመጀመሪያውን ምት አትሰንዝር ይላል፤ የሚታወቅ የፉናኮሺ መመሪያ ነው።

ይህን የምጽፈው አሠልጣኞችን ለማሳጣት አይደለም። ብዙዎቹ በትንሽ ክፍያ፣ በኪራይ አዳራሽ ልጆቻችንን ከመጥፎ ውሎ እያዳኑ ነው። ግን ቀበቶ የሰጠነው ልጅ «ራሴን እከላከላለሁ» ብሎ አምኖ በዚያ መንገድ ይሄዳል። ያልተፈተነ እምነት ከፍርሃት ይከፋል፤ የፈራ ሰው ቢያንስ ዞር ብሎ ያያል።

ስለዚህ ወላጆችም ሠልጣኞችም በሚቀጥለው ቅዳሜ ማስተሩን በአክብሮት አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ «እዚህ እንቅስቃሴ ላይ የያዘኝ ማን ነው?» ከክፍለ ጊዜው አሥራ አምስት ደቂቃ ለዚህ ጥያቄ ቢሰጥ ይበቃል። መልሱን ጥንድ ጥንድ ሆኖ መፈተሽ ነው።

እስከዚያው በሰላም ግቡ።