ጉና ሲጠቁር

ባለፈው ጳጉሜን ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ለቀብር መሄድ ነበረብኝ። ያረፈው ለብዙ ዓመታት አብሮኝ ያገለገለ የጤና ረዳት ነው። መናኸሪያ ስደርስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ቀብሩ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መንገዱ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይደረስበታል። ሚኒባሱ ሁለት ሰው ብቻ ጎድሎት ቆሟል።

«እማማ ይግቡ፣ አሁን ነው የምንወጣው» አለኝ ረዳቱ፣ ቦርሳዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቶ።

ተሳፋሪው ስለ መንገዱ ይጠያየቃል። «ሰላም ነው ወይ? መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ይባባላል። በዚህ ዘመን ይህን መጠየቅ ግድ ነው። ስለ ሰማዩ ግን የጠየቀ አልነበረም። ከተማው ላይ ጥሩ ፀሐይ ወጥቷል። እኔ ግን ዞር ብዬ ጉናን ፈለግሁት። አይታይም። ገና ከቀትር በፊት ጥቁር ደመና ከትከሻው በላይ ውጦታል።

«ልጄ፣ እኔስ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አልኩት።

«ኧረ እማማ! ቡሄ ካለፈ በኋላ ምን ክረምት አለ?» ብሎ ሳቀ።

አልፈረድኩበትም። ይህንኑ አባባል፣ በዚሁ አገር፣ እኔም አንድ ቀን ተናግሬዋለሁ።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልንገር። ከባሕር ዳር ሲመጡ ወረታ ላይ የፎገራ ሜዳ አለ፤ ሩዝ የሚበቅልበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ የሆነ ሞቃት አገር። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጡ ደብረ ታቦር ይደርሳሉ፤ 2,700 ሜትር ገደማ። ከደብረ ታቦር ወዲያ ጋሳይን፣ ክምር ድንጋይን አልፎ መንገዱ በጉና ትከሻ ላይ ይዞራል። ጉና ራሱ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ነፋስ መውጫም ከ3,000 ሜትር በላይ ተቀምጣለች፤ የአየር ጠባይዋን ለማወቅ ስሟን መስማት ይበቃል።

አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ወረታ ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ጉና ትከሻ ላይ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ዛሬ ከወረታ ወልድያ የሚያደርሰው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይናውያን ከመሠራቱ በፊት፣ ይህን ሁሉ ዳገት ሰው በእግሩና በበቅሎ ነበር የሚወጣው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተነሡት በ1860 ዓ.ም. ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነበር። የጥንቱ ሠራዊት በክረምት አይዘምትም፤ አንድ ቦታ ሰፍሮ ይከርማል።

የዚህ አገር ክረምት ተንኮሉ ጠዋት ፀሐይ መሆኑ ነው። ጠዋት ፀሐዩ ተዳፋቱን ያሞቀዋል፤ እርጥቡ አየር ተራራውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ከቀትር በኋላ ያ ደመና መብረቅና በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከጉና ነው፤ የሚገቡትም ጣና። ስለዚህ ላይ የጣለው ዶፍ፣ ታች ፀሐይ ላይ የቆመውን ሰው ሳያስበው ይደርስበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም በጎርፍ ሲጥለቀለቁ ያየ ሰው ይህን አይረሳውም።

የእኔ ታሪክ ግን ከዚያ በፊት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የነርስ ዲፕሎማዬን ይዤ ፋርጣ ውስጥ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ተመድቤ እሠራ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ምጥ ሁለት ቀን የቆየባትን እናት በቃሬዛ አመጡልኝ። ከአቅሜ በላይ ስለነበረች ደብረ ታቦር ሆስፒታል መድረስ ነበረባት። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በታች በኩል ወንዙን በእግር የሚያሻግር አቋራጭ ነው። ሁለተኛው በላይ በድልድይ የሚያዞር ሲሆን ሁለት ሰዓት ያህል ይረዝማል።

ከተሸካሚዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወደ ጉና አሻግረው አዩና «ሐኪሟ፣ ላዩ ጠቁሯል፤ በድልድዩ እንዙር» አሉኝ።

እኔ ደግሞ የሚታየኝ ምጡ ብቻ ነበር። «አባ፣ እዚህ ፀሐይ ነው። ቡሄም አልፏል። ሁለት ሰዓት ማጥፋት አንችልም» አልኩ። ሐኪም የተናገረው ነውና ዝም አሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣን።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ውኃው እስከ ጉልበት ነበር። ቀለሙ ግን ደፍርሷል፤ ቅጠልና ስንጥር ይዟል። ሁለት ሰዎች ሊሞክሩት ገብተው መሐል ሳይደርሱ ተመለሱ። ወዲያው ከላይ በኩል እንደ ከባድ መኪና ያለ ድምፅ ሰማን። ውኃው ዓይናችን እያየ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። ከዚያ በረዶው እኛም ላይ መጣ። የተጠለልነው በአንድ ጣርቃና በሰዎቹ ጋቢ ነበር፤ ሁሉም ራሰ። ወደ ኋላ እንዳንመለስ ከኋላችን ያለው ጅረትም ሞልቷል። ሌሊቱን እዚያው አደርን።

ሕፃኑ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ተወለደ። ወንድ ነበር፤ በደካማ ድምፅ አለቀሰ። የሚያደርቀው ደረቅ ጨርቅ አልነበረንም። ደረቴ ላይ አድርጌ ይዤው ነበር፤ ጎሕ ሳይቀድ አረፈ። እናቲቱ በማግሥቱ ውኃው ሲጎድል ሆስፒታል ደረሰችና ተረፈች። በኋላም ሌሎች ልጆች ወልዳለች። ገበያ ስንገናኝ ትስመኛለች፤ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ምጡ ብዙ የቆየ ነበርና የሕፃኑ ሞት ከቅዝቃዜው ብቻ ነው አልልም። በድልድዩ ዞረን ቢሆን ግን ሳይመሽ መኪና መንገድ እንደርስ ነበር። ሽማግሌው ያዩትን እኔ አላየሁም፤ ሲነግሩኝም አልሰማሁም።

ዛሬ የአየር ትንበያ በስልክ ይመጣል። በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመው የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የዕለቱን፣ የአሥር ቀኑንና የወቅቱን ትንበያ ያወጣል። እኔ የአሥር ቀኑ አያመልጠኝም። ትንበያው ግን የሚናገረው ስለ ሰፊ አገር ነው። «በአንዳንድ ስፍራዎች በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ» ሲል፣ ያ አንዳንድ ስፍራ ጋሳይ ይሁን ጋይንት፣ ሰባት ሰዓት ይሁን አሥር ሰዓት፣ እዚያው ያለ ሰው ነው የሚያውቀው። ሚኒሶታ ያለው ልጄ በረዶው በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ስልኩ ይነግረዋል፤ ትምህርት ቤትም ቀድሞ ይዘጋል። እኛ ትንበያው የቱ ሳምንት አስጊ እንደሆነ ይነግረናል፤ የቱ ሰዓት እንደሆነ የሚነግረን ተራራውና ከላይ የመጣ ሹፌር ነው። ሁለቱን ሳልጠይቅ መንገድ አልጀምርም።

በሙያዬ ደግሞ የሚከተለውን እመክራለሁ። በክረምት ጠዋት ተነሡ፤ ከቀትር በፊት ለመድረስ አስቡ። የደፈረሰና ስንጥር የያዘ ውኃ ካያችሁ አትግቡበት፤ የክረምት ሙላት ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። የመብረቁን ብልጭታ ካያችሁ በኋላ 30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ቅርብ ነውና ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። መብረቅ የመታውን ሰው መንካት አያስፈራም፤ ፈጥኖ መርዳት ነው።

ብርድ የመታው ሰው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ ንግግሩ ይተሳሰራል፤ እግሩ ይደናቀፋል። መንቀጥቀጡን ትቶ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ተሻለው አትበሉ፤ ባሰበት ማለት ነው። የረጠበውን ልብስ አውልቃችሁ በደረቅ ጠቅልሉት፤ ራሱን ካወቀ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አረቄ አትስጡት። አረቄ ቆዳን ያሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት በአይሱዙ ላይ ተጭነው ለሚጓዙም ይህ ምክር ይሠራል።

ለነፍሰ ጡር ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ክረምቱን መቅደም ነው። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አለ፤ ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት ቀኗ ሲቃረብ መጥታ እዚያ ትቆያለች። ልጃችሁ ወይም ምራታችሁ ከወንዝ ማዶ ከሆነች ምጥ እስኪመጣ አትጠብቁ።

በማግሥቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተሳፈርኩ። ጉና በግልጽ ይታይ ነበር። ትከሻው ላይ ስንደርስ የትናንቱ በረዶ በመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ እንደ ጨው ነጭቶ ተኝቷል። የትናንቱን ሚኒባስ ጠየቅሁ። ጭጋግና በረዶ ይዞት ሁለት ሰዓት ቆሞ፣ በሰላም ደርሷል።

እኔ ግን ቀብሩ አመለጠኝ። የሟች እኅት «ትናንት ስንጠብቅሽ ነበር» ብላ አንገቴ ላይ አለቀሰች። ይቅርታ ከማለት ሌላ ያልኩት የለም። ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን «ጉና ጠቁሮ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ አባቴ።»

«ደግ አደረግሽ። ነይ ተቀመጪ» አሉኝና ቦታ ለቀቁልኝ።