ባሕር ውስጥ ምን ይሰማል?

የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። ጎብዬ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ክፍሉን ምጣድ አድርጎታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340፣ በውሃ ውስጥ ግን 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ታዲያ ባሕር ውስጥ ምን ይሰማል?»

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅ! «ምን ይሰማል፣ ጸጥታ ነዋ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፣ ደወል ተደወለ፣ በቃ።

ልጁ አስረኛን ሳይጨርስ እንደ ጓደኞቹ በጅቡቲ በኩል ወጣ። በቀደም ከሳዑዲ ደወለልኝ። ስለ ኑሮ፣ ስለ እናቱ አወራን። ሊዘጋ ሲል «ቲቸር፣ ባሕሩ ጸጥ አይልም እኮ! ከኦቦክ ስንሻገር ጆሮዬን የጀልባዋ ወለል ላይ ጥዬ ነው የተኛሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ (ኔትወርክ ሲኖር ማለቴ ነው)። ጎርደን ዌንዝ የሚባል አሜሪካዊ በ1962 እ.ኤ.አ. የውቅያኖስን ድምፅ በምንጩ ለይቶ አንድ ግራፍ ላይ አስቀምጦታል። ወፍራሙ፣ ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለው፣ በብዛት የመርከብ ነው። ከዚያ በላይ ነፋስ የሚያስነሳው ማዕበልና አረፋ ይመጣል። ካፊያ እንኳ የራሱ ፉጨት አለው፣ 15 ሺህ ኸርዝ አካባቢ። የሚለካው ሃይድሮፎን በሚባል ውሃ ውስጥ በሚገባ ማይክሮፎን ነው። የነፋሱን ፍጥነትና የመርከቡን ብዛት ካወቁ ጩኸቱን ሳይለኩም በስሌት ይገምቱታል።

ማሽላ ሲጠብቅ ማማ ላይ ያደረ ሰው ይህ አይከብደውም። ነፋሱ አገዳውን ሲያንሿሿው ታውቀዋለህ፤ ከአስፋልቱ የሲኖትራክ ጉርምርምታ ይመጣል። መኪናው ሲበዛ ግን ጅቡ መቅረቡን አትሰማም። ዓሣ ነባሪም እንዲሁ ተቸግሯል። በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ጥቃት በኋላ የመርከብ ጉዞ ሲቀንስ፣ ካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ጩኸቱ በ6 ዴሲቤል ወረደ፤ በዓሣ ነባሪዎቹ ኩስ ውስጥ የሚለካው የጭንቀት ሆርሞንም አብሮ ወረደ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የኛው ነው። የውቅያኖስ ማዕበል የባሕሩን ወለል ሲደበድብ ምድር በየጥቂት ሰከንዱ በስሱ ትርገበገባለች። በጆሮ አይሰማም፤ አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ተራራ ላይ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ግን ይይዘዋል። ተመራማሪዎች በዚሁ ንዝረት ከስምጥ ሸለቆው ሥር ያለውን የምድር ቅርፊት አይተውበታል። እኔ «ጸጥታ ነዋ» ስል ባሕሩ ከእግሬ ሥር ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በቮይስ ልኬለታለሁ። እስካሁን አልከፈተውም፤ ሥራ ላይ ይሆናል። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበራችሁ፣ ደብተሩ ካለ አርሙልኝ።